ለምን እግዚአብሔርን ጨመርሽበት?

ቡናው ገና አልተቆላም። ጓደኛዬ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥሬውን ትለቅማለች፤ የጠቆረውን፣ የተሰነጠቀውን፣ አልፎ አልፎም ከመሃል ብቅ የሚለውን ጠጠር በጥፍሯ እያወጣች ወደ ጎን ትጥላለች። ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜ ነበር፣ ጥር 2015 ዓ.ም.። ስለ ልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ እያወራን ሳለ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ድምጿንም ሳትለውጥ፣ «ያን ዕለት ማታ ግን በእውነት ሰምተሽ ነበር?» አለችኝ።

የትኛውን ዕለት ብዬ አልጠየቅኩም። በእኔና በእርሷ መካከል «ያ ዕለት» የሚባል አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው አራት ወር ቀርቶት ነበር፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ጊዜ አንስተነው አናውቅም።

«ሰምቼ ነበር» አልኳት።

«እሺ» አለችና የለቀመችውን አጥባ ምጣዱ ላይ አፈሰሰችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔ ግን አቦሉን እንደ ጠጣሁ፣ ቶናው እስኪፈላ ሳልጠብቅ፣ ዛሬ የማላስታውሰውን ሰበብ ፈጥሬ ተነሳሁ። ቡና ረግጦ መሄድ ነውር መሆኑን የሚነግረኝ አያስፈልግም፤ ያን ቅዳሜ ግን ረግጬ ሄድኩ።

በመንገድ ላይ «ዋሸሁ እንዴ?» እያልኩ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። እንዳልሰማሁ እርግጠኛ ብሆን ውሸታም ነኝ፣ ንስሐ እገባለሁ፣ ነገሩ ያበቃል። እንደ ሰማሁ እርግጠኛ ብሆን ደግሞ የምፈራው የለኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ሦስተኛው ነገር ነው፤ ያኔ ማታ ድምፁ የማን እንደሆነ ሳላውቅ የማን እንደሆነ ተናግሬአለሁ።

ከኬንታኪ የመጣው ፖስታ

በዚያ ዘመን የዲቪ ዕጣ የደረሰው ሰው እንደ ኋለኞቹ ዓመታት በኢንተርኔት ብቻ አልነበረም የሚያውቀው። ከአሜሪካ፣ ከኬንታኪ፣ ፖስታ ይመጣለታል። የጓደኛዬ ሰኔ 2002 ዓ.ም. በአጎቷ የፖስታ ሣጥን ቁጥር መጣ። ረቡዕ ማታ ለጸሎት ስንሰበሰብ፣ ዘይት እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ ይዛው መጣች። ስምንት ሴቶች ነበርን፤ ሁላችንም ከሃያዎቹ ያልወጣን፣ በየሳምንቱ በአንዳችን ጠባብ ቤት እየተሰበሰብን የምንጸልይ። ፖስታው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እልል አልን። አንዷ «እርሱ የከፈተውን ማንም አይዘጋውም!» ብላ ጮኸች፤ እኛም አሜን አልን።

በዚያ ምሽት በሩን የከፈተው ጌታ ነው ያልን ሰዎች፣ ዓመት ሳይሞላን በዚያው ጌታ ስም በሩን ዘጋነው። ነገሩ እንግዳ መሆኑን ማናችንም አላስተዋልንም። ግን «ዘጋነው» ማለት ጥፋቱን ለስምንት ማከፋፈል ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ ነርስ ናት። ቅጾቹን ሞልታ መለሰች፤ የኤምባሲ ቀጠሮዋም ለሰኔ 2003 ዓ.ም. ደረሳት። ግንቦት ላይ ግን ደሴ ያሉት እናቷ ስኳራቸው ተነስቶ እግራቸውን ያማቸው ጀመር። አንዲት ሴት ልጃቸው እርሷ ናት። ረቡዕ ማታ መጥታ «ጸልዩልኝ፣ ጌታ የሚለውን ልስማ» አለች። ይህን ስትል ያየችው ወደ እኔ ነው።

ወደ እኔ ያየችበት ምክንያት ነበራት። በቡድናችን «ቃል የሚመጣላት» የምባለው እኔ ነበርኩ። ይህን ስም ያወጣልኝ ሰው የለም፤ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ለአንዷ «ሥራ ታገኛለሽ» አልኩ፣ በወሩ አገኘች። ለሌላዋ «ይህ ሰው ባልሽ አይሆንም» አልኩ፣ አልሆነም። ሁለት ሦስቱ ሲይዙልኝ ያልያዙትን አሥሩን የቆጠረ አልነበረም፤ ከሁሉ በፊት እኔ ራሴ አልቆጠርኳቸውም።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ሻማዋን በተገለበጠ የሻይ ብርጭቆ ላይ አጣብቀናታል። ጸለይን። ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ ተንበርክካ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ደረቴ ሞቀ፤ እንባዬ መጣ፤ ከዚያ «ተቀመጪ» የሚል አንድ ቃል በውስጤ ቆመ። ይህን አልፈጠርኩትም፤ ዛሬም ድረስ እምልበታለሁ። መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ፣ ኤርምያስ 42 ወጣልኝ። በሻማ ብርሃን አነበብኩላት፦ «በዚህች ምድር ብትቀመጡ እሠራችኋለሁ እንጂ አላፈርሳችሁም።» ቤቱ በእንባ ተናወጠ። ያ ምዕራፍ የወጣልኝ በዚያው ሳምንት በተራ ንባቤ ኤርምያስን እያነበብኩ ስለነበርና ዕልባቱም እዚያው ስለነበረ መሆኑን ግን አልተናገርኩም። ቀጥዬ «ጌታ እንዲህ ይልሻል፤ ወደ ግብጽ አትውረጂ» አልኩ።

ስድስቱ ሴቶች አሜን አሉ። ከሁሉም በኋላ እርሷም አሜን አለች።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ሰኔ ላይ የቀጠሮዋ ቀን መጥቶ ሄደ። ሕጉ ግን እስከ ፈረንጆቹ መስከረም መጨረሻ ቀን ይሰጥ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 19 ቀን 2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያን ቀን እኔ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። እርሷ ግን ታስታውሳለች። መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ የሌሊት ተረኛ ነበረች። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰዓቷን አየች፣ «አበቃ» አለች፣ ከዚያም የአንድ ታማሚ ግሉኮስ ሊያልቅ ስለነበር ልትቀይር ሄደች።

እናቷ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ሲያርፉም አጠገባቸው ነበረች። ይህን እንደ ማስረጃ ልቆጥረው ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። «አየሽ፣ እናትሽን እንድትቀብሪ ነው ጌታ ያስቀረሽ» ለማለት አፌን ከፍቼ የዘጋሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሄዳ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ልካ የተሻለ ሕክምና ታገኝላቸው እንደነበርስ? የሚያውቅ የለም። ሰው የሄደበትን መንገድ ብቻ ነው የሚያየው፤ ያልሄደበት ምስክር ሆኖ አይቀርብም።

አሥር ቀን እና አሥር ደቂቃ

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ኤርምያስ 42ን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ለጓደኛዬ ያነበብኩላት አሥረኛው ቁጥር ነው። ሦስት ቁጥር ከፍ ሲል ሰባተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከአሥር ቀንም በኋላ የእግዚአብሔር ቃል ወደ ኤርምያስ መጣ።»

አሥር ቀን። ኢየሩሳሌም ፈርሳለች፣ ባቢሎናውያን የሾሙት ገዥ ተገድሏል፣ የተረፉት ሰዎች ፈርተው ወደ ግብጽ ለመሸሽ ጓዛቸውን ሸክፈዋል። ነቢዩን እንለምንሃለን፣ ጸልይልን ይሉታል። እያንዳንዱ ሰዓት ነፍስ የሚያስከፍል ነው። ኤርምያስ ግን በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል አሥር ቀን ዝም አለ። በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት ያህል በነቢይነት ያሳለፈ ሰው ነው። የራሱ አስተያየት ሳይኖረው ቀርቶ ይመስላችኋል? ስለ ግብጽ የሚያስበውን ማንም ያውቀዋል። በመጀመሪያው ደቂቃ ሊመልስላቸው ይችል ነበር፤ ምናልባትም የሚመልሰው ከአሥር ቀን በኋላ ከመለሰው ጋር አንድ ይሆን ነበር። ቢሆንም ጠበቀ። በእርሱ ሐሳብና በእግዚአብሔር ቃል መካከል አሥር ቀን አስቀመጠ።

የእኔ ሻማ የጣት ውፍረት ያህል እንኳ አልነደደም ነበር።

እኛ ዘንድ ፍጥነት የቅባት ምልክት ሆኗል። ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱ የሚመጣለት አገልጋይ ይከበራል፤ «ልጸልይበት፣ ሳምንት ቆይተሽ ነይ» የሚል ሰው ደክሟል ይባላል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ ይልና «ሌሎችም ይለዩአቸው» ብሎ ይጨምራል። በዚያ ቤት ውስጥ ሊለዩ የሚችሉ ስድስት ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸው የሕግ ባለሙያ ነበረች፣ መምህርት ነበረች። አንዷ እንኳ «እስኪ ቆይ፣ ይህ ቃል ከይሁዳ ለተረፉት ሰዎች ነው የተባለው፤ ለዲቪ እንዴት ሆነ?» ብትል ኖሮ ምን እል ነበር? እቆጣ ነበር መሰለኝ።

የታክሲ ሰልፍ

ሦስት ሳምንት ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ልጅ ነኝ፤ ቃልን መልሶ መዋጥ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ቅዳሜ «ሰምቼ ነበር» ያስባለኝም ይኸው ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ ሥራዋ ሲያልቅ ከምትሠራበት ሆስፒታል በር ላይ ጠበቅኳት። ብርቱካን በፌስታል ይዛ ወጣች፤ አብረን የታክሲ ሰልፍ ያዝን። ከፊታችን ሃያ ያህል ሰው ነበር። ቤት ሄጄ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ ልነግራት አልቻልኩም። ሰልፍ ላይ የሰው ጀርባ እያየሁ መናገር ቀለለኝ።

«ያን ዕለት የሰማሁት የማን ድምፅ እንደሆነ አላውቅም» አልኳት። «የጌታ ነው ማለት አልነበረብኝም።»

ዝም አለች። ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሰ። ተንቀሳቀስን።

የባሰውን ተናገርኩ። በዚያን ዓመት ከቡድናችን ሁለቱ ርቀው ሊሄዱ ነበር፤ አንዷ አግብታ ሐዋሳ፣ አንዷ ለሥራ ቤይሩት። እርሷ ብትሄድ በዚህ ከተማ የልቤን የምነግረው ሰው አልነበረኝም። በዚያ ላይ እኔ ራሴ ዲቪ አምስት ጊዜ ሞልቼ አንድም ጊዜ አልወጣልኝም። ያን ፖስታ በእጄ ስይዘው እልል ያልኩት ከአንገት በላይ ነበር። ደረቴ ሲሞቅ ከሙቀቱ ውስጥ ምን ያህሉ ፍቅር፣ ምን ያህሉ ፍርሃት፣ ምን ያህሉ ቅናት እንደነበረ ዛሬም መለየት አልችልም። አንድም የእግዚአብሔር ጠብታ አልነበረበትም ብዬም አልምልም።

ይህን ሁሉ ስናገር ከፊታችን ያለው ሰውዬ ጆሮውን እንዳቀና ታውቆኛል። ይስማ ብዬ ተውኩት።

ጓደኛዬ ፌስታሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «እኔም የሚወስንልኝ ሰው ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽሽም» አለች። ቀጥላም፣ «ግን ‘ትናፍቂኛለሽ፣ አትሂጂ’ ብትይኝ እኮ ልቀር እችል ነበር። ባልቀርም እንጣላ ነበር፣ እንታረቅ ነበር። ለምን እግዚአብሔርን ጨመርሽበት? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀየምኩት እርሱን ነው።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ታክሲው መጣ፣ ረዳቱ «ሁለት ሰው!» ብሎ ጮኸ፣ ገባን። የኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅ ቦርሳዬን ለመክፈት ስታገል ቀደመችኝና ብሩን አቀበለችው። «የሁለት» አለችው።

እንጀራ አብሮ የሚበላ ሰው

«ለምን እግዚአብሔርን ጨመርሽበት» የሚለው ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደማልወደው ታሪክ መለሰኝ። አንደኛ ነገሥት 13 ላይ ነው። ከይሁዳ የመጣ ስሙ ያልተጠቀሰ የእግዚአብሔር ሰው ቤቴል ሄዶ በመሠዊያው ላይ ይናገራል። በዚያ አገር እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃ እንዳይጠጣ፣ በመጣበት መንገድም እንዳይመለስ ታዝዟል። በከተማው የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነቢይ ይህን ይሰማና አህያውን አስጭኖ ይከተለዋል። የእግዚአብሔርን ሰው ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘው። ከዚያ በኋላ የሆነው በስብከት ሁሉ ይነገራል፤ ሽማግሌው ዋሸው፣ ሰውየው ተመልሶ በላ፣ በመንገድም አንበሳ ገደለው።

በስብከት የማይነገረውን ግን አሁን አየሁት። ሽማግሌው መጀመሪያ የተናገረው ውሸት አይደለም። ከእኔ ጋር ወደ ቤት ና፣ እንጀራም ብላ ነው ያለው። ተራ ግብዣ ነው። ሰውየው «አልችልም» ሲለው ነው «እኔ ደግሞ እንደ አንተ ነቢይ ነኝ» ብሎ፣ መልሰህ አምጣው ያለኝ መልአክ ነው ሲል መልአክ የጨመረበት። መጽሐፉ «ዋሽቶም ተናገረው» ይላል እንጂ ለምን እንደዋሸ አይናገርም። ሰባኪዎች ቅናት ይሉታል፣ ፈተና ይሉታል። እኔ ግን አብሮት እንጀራ የሚበላ ሰው የፈለገ ሽማግሌ ይመስለኛል። ዘመኑ አልፎበታል፣ በከተማው የእግዚአብሔርን ቃል የተናገረው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፣ ልጆቹ መጥተው ያዩትን ያወሩለታል። ናፍቆቱ እውነተኛ ነበር። ናፍቆቱ ብቻውን ስላላዋጣው መልአክ አዋሰው። ኋላም ሬሳውን አንስቶ በራሱ መቃብር ቀበረው፤ «ወዮ ወንድሜ» ብሎ አለቀሰለት፣ ስሞት ከአጥንቱ አጠገብ ቅበሩኝ ብሎም ልጆቹን አዘዘ። ጠላት እንዲህ አያደርግም።

በእኛ ቋንቋ መልአክ ማዋስ ደረጃ አለው። «ይመስለኛል» የሚልን ሰው ይከራከሩታል። «ልቤ ሰላም የለውም» የሚለውን በትዕግሥት ያዳምጡታል። «ሸክም አለብኝ» ላለው ጉልበት ይንበረከካል። «ጌታ ተናገረኝ» ላለው ግን ከአሜን ሌላ መልስ አልተሠራም። እኔ ያን ማታ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ደረጃ የዘለልኩት እርሷ እምቢ እንዳትለኝ ነው። ምክር ሰውን ደጅ ይጠናል፤ እምቢ ቢባል ይመለሳል። የእግዚአብሔር ስም የተለጠፈበት ምክር ግን በሩን ሰብሮ ይገባል፤ ጥፋት ሲመጣ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው ስሙ የተለጠፈው ነው።

በቴሌቪዥን ስለሚታዩት፣ በስልክ ትንቢት ስለሚልኩት ሰዎች ብዙ ተብሏል፤ እኔም በእነርሱ ላይ ለመጻፍ ይቀለኝ ነበር። የእኔ ግን ገንዘብ አልነበረበትም፣ መድረክ አልነበረበትም። ስምንት ሴቶችና አንድ ሻማ ነበሩ። ከልብ በሆነ እንባም ይህ ይደረጋል።

አጋቦስ ያልተናገረው

ታዲያ ሰው የሚለው ሁሉ ከሰው ነው ብለን እንተወው? እንደዚያ ብዬ ብተወው ይቀለኝ ነበር፤ ግን የሐዋርያት ሥራ 21 አያስኬድም። ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ የጢሮስ ደቀ መዛሙርት እንዳይወጣ «በመንፈስ አሉት»። ጳውሎስ ወጣ። ቂሣርያ ሲደርስ ነቢዩ አጋቦስ መጣ፤ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እግርና እጅ አስሮ፣ የዚህ መታጠቂያ ባለቤት በኢየሩሳሌም እንዲሁ ይታሰራል አለ። እዚያ ላይ አፉን ዘጋ። «ስለዚህ አትሂድ» የሚለው ከአጋቦስ አፍ አልወጣም። ያንን ያሉት በዙሪያው ያሉት ወዳጆቹ ናቸው፣ የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስም ራሱ አብሮ ለምኗል። መንፈስ ያሳየው እስራቱን ነው። «እንግዲህ ቅር» የሚለውን የጨመረው ፍቅር ነው። ጳውሎስ አልሰማ ሲላቸው «የጌታ ፈቃድ ይሁን» ብለው ዝም አሉ።

ይህን ሳነብ ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስታውሳለሁ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ በደርግ ዘመን ደጋግመው ታስረዋል። ከእስር ሲወጡ ከአገር እንዲሸሹ መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሳይቀሩ እጃቸውን አስገብተውበታል። እርሳቸው ግን መንጋዬን በዚህ ፈተና ጊዜ ጥዬ አልሄድም ብለው፣ በሕይወት ያሉት ለራሳቸው እንዳይኖሩ የሚለውን የሁለተኛ ቆሮንቶስ ቃል ጠቅሰው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

«ይውጡ» ያሏቸው ሰዎች ተሳስተው ነበር? በውጤቱ ከለካነው ልክ ነበሩ፤ የፈሩት ሁሉ ደርሷል። የእግዚአብሔርን ድምፅ በኋላ በተከተለው ደስታ ወይም ኀዘን መለካት የማይሆንልኝ ለዚህ ነው። ከዚህ ታሪክ ለራሴ የያዝኩት ሌላ ነገር ነው፤ ቄስ ጉዲና የቀሩት እርሳቸው ራሳቸው በተረዱት ቃል እንጂ አንድ ሰው «ጌታ ቅር ይልዎታል» ስላላቸው አይደለም። ጓደኛዬም ቀርታለች። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም መቅረት ነው።

ምናልባት ያን ማታ እኔም እንደ አጋቦስ አንድ ነገር አይቼ ይሆናል። መለያየት አየሁ፣ የእናት ሕመም አየሁ፣ ኀዘን አየሁ። «ከባድ ነገር ይታየኛል» ብዬ እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ምናልባት ትክክል እሆን ነበር።

«አባ እንዲህ አሉ»

አያቴ ኦርቶዶክስ ነበሩ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ገጠር። የንስሐ አባታቸው በበዓል በበዓል ይመጡና መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ጠላ ተቀድቶላቸው፣ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ይሰማሉ፤ የድንበሩን ክርክር፣ የልጁን ጋብቻ፣ የበሬውን ሽያጭ። እኔ ፕሮቴስታንት የሆንኩ ጊዜ አያቴ አልቅሰው ወደ እርሳቸው ሄዱ። ተመልሰው የነገሩኝ እንዲህ ነው፦ «አባ ተያት፣ ልጅ ናት፣ አትቆጫት አሉ። አባ እንዲህ አሉ፤ እኔ ግን እቆጣሻለሁ።»

ያኔ ሳቅኩ። ዛሬ ግን ያ አረፍተ ነገር ያስቀናኛል። አባ ያሉት የአባ ሆኖ ቀረ። አያቴ አባን ያከብሯቸው ነበር፣ ጉልበት ስመው ነበር የሚቀበሏቸው፤ ምክራቸውን ግን ግማሹን ይወስዱና ግማሹን ይተዋሉ። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ የሚለውን ተረት ይወዱት ነበር፤ በተረቱም ውስጥ ንጉሡ ንጉሥ ነው፣ መካሪውም መካሪ። ይህን ስል እዚያ ሰፈር ሁሉ ነገር ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። «ሕልም አየሁልሽ» እያለ ዶሮ የሚያሳርድ ባሕታዊ ነኝ ባይ በዚያም አይጠፋም ነበር።

ከመጽሐፍ ቅዱስ መካሪዎች አሁን አሁን የምወደው ዔሊን ነው፤ በልጆቹ ያፈረ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ካህን። ሳሙኤል ሌሊት ሦስት ጊዜ ጠርተኸኛል እያለ ሲመጣበት፣ ነገሩ ሲገባው፣ «ጌታ የሚልህ ይህን ነው» አላለውም። «ሂድ፥ ተኛ» አለው። ቢጠራህ ባሪያህ ይሰማልና ተናገር በል ብሎ ወደ መኝታው ሰደደው። ልጁን ከራሱ አጠገብ አርቆ ድምፁ ወዳለበት ላከው። ያ ድምፅ ስለ ዔሊ ቤት ምን ሊናገር እንደነበር ስናስብ ደግሞ፣ አጠገቡ ቢያስቀረው ይሻለው ነበር።

በጸሎት ቡድናችን ዛሬም አለሁበት፤ አራት ነው የቀረነው። ሰው ሲጠይቀኝ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል» እላለሁ። አንዷ እህት ቅር ብሏት «መንፈስን አታጥፉ» ስትል ጠቀሰችብኝ። ልክ ናት፣ ተጽፏል። ከሥሩም «ትንቢትን አትናቁ፤ ሁሉን ፈትኑ» የሚል አለ። ይህን ክርክር ገና አልጨረስነውም፤ አንዳንድ ረቡዕ እርሷ ታሸንፋለች። ፈርቼ ዝም ያልኩባቸው፣ ምናልባት መናገር የነበረብኝ ቀኖችም እንዳሉ አውቃለሁ።

ጥቅምት

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ዲቪ ልትሞላ ነው፤ ባሏም ልጇም አብረው ይሞላሉ። የእኔ ስልክ ካሜራው ይሻላል ብላ ፎቶ እንዳነሳቸው ጠራችኝ። ሳሎኗ ውስጥ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ በሚስማር ወጠርን። ባሏን አነሳሁ። ልጅቷ አልቆም ብላ ስምንት ጊዜ አነሳኋት። ከዚያ የእርሷ ተራ ሆነ።

«መነጽርሽን አውልቂ፤ በመነጽር አይቀበሉም» አልኳት። አወለቀች፤ ነጠላዋንም ከትከሻዋ አወረደች። ስልኩን ከፍ አድርጌ ፊቷን መሃል ላይ አስገባሁ።

«ምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ጥላ አለው፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በይ።»

«ስለ ፎቶው አይደለም።»

ስልኩን ዝቅ አደረግኩ። «እንዳትሄጂ እፈልጋለሁ» አልኳት።

«ማን ነው የሚለው?»

«እኔ።»

ሳቀች፤ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ሳቀች፤ እኔም ሳላስበው አነሳኋት። ለዲቪ ደግሞ ሲስቁ የተነሱት ፎቶ አይሆንም። ፊቷ እስኪረጋ ጠብቄ እንደገና አነሳኋት።